ያውቁ ኖሯል? የመስከረም ጉዞ ከሀይሌ ጋርመንት እስከ ሱባ ደን

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከአዲስ አበባው ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ የሚዘልቀው መንገድ መናገሻ ሱባ ደን ያደርሳል። ለጉዞው ስንቅ የሚሆኑ እውነታዎች እነሆ፦

■ ፉሪ ተራራ። ከሰፈሩ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ የሚታየው ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 2,839 ሜትር ከፍታ አለው።

■ አደይ አበባ የኑግና የሱፍ ዘመድ ናት። አንድ የምትመስለው አበባ የበርካታ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫዎቹ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አበባ ናቸው።

■ የአበባ ወቅት በቤተ ክርስቲያን። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ታከብራቸዋለች።

■ የንጉሥ ደን። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ሱባ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። ዛሬም ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ በደኑ ውስጥ ይገኛሉ፤ ደኑ ወዳለበት ወጨጫ ተራራ አናት ሲቃረቡ ደግሞ አስታ ይተካቸዋል።

■ በደኑ የሚኖረው ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል። በቦታው ያለው ትንሽ ጉጥ ብቻ ነው። ዋና ምግቡ ቅጠል ስለሆነ፣ ሆዱ እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው።

■ የምኒልክ ድኩላ በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል። ወንዱ ወደ ጥቁር ባደላ መልኩ ይለያል። ሊያዩት ከፈለጉ በማለዳ ወደ ደኑ ይግቡ፣ ድምፅዎንም ዝቅ ያድርጉ።

አደራ! አደይን ከነሥሯ አይንቀሉ። የሚቀጥለውን መስከረም የሚያደምቀው ዘንድሮ መሬት ላይ የሚወድቀው ዘሯ ነው።