መልካም ልማድ እንዴት ይጸናል?

እጅን በሳሙና መታጠብ የተቅማጥን በሽታ በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች አረጋግጠዋል። ተቅማጥም ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። ተማሪው ይህንን በክፍል ሲጠየቅ አሳምሮ ይመልሳል፤ ነገር ግን ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ እጁን ሳይታጠብ ምሳውን ይበላል። እንግዲህ ማወቅና ማድረግ ስለ ምን ተለያዩ?

የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ልማድ በትእዛዝ ከውጭ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። ምኞት፥ ቦታ፥ ሰዓት፥ ጓደኛና ድግግሞሽ ሲገጥሙ ከውስጥ ራሱን በራሱ ያደራጃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ይስማማል። ጫጩቱን ከውጭ ሆኖ የሚያበጀው ማንም የለም፤ የዶሮይቱ ድርሻ ሙቀት መስጠት ነው።

አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ቦያትዚስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፥ ታስቦበት የሚደረግ ለውጥ የሚጀምረው ሰው ሊሆን የሚመኘውን በመመልከት ነው። ቀጥሎ አሁን ያለበትን ይመረምራል፥ ዕቅድ ያወጣል፥ ይለማመዳል፤ በዚህም ሁሉ የሚያምናቸው ወዳጆች ይደግፉታል። ለውጡም ሁልጊዜ በእኩል እርምጃ አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ቆይቶ በድንገት ይገለጣል።

በለንደንም ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ምርመራ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድን አዲስ ተግባር እንደ ቁርስ ካለ የታወቀ ጊዜ ጋር አያይዞ በየቀኑ ይፈጽም ነበር። ልማዱ ሥር ለመስደድ የሚፈጅበት ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን፥ መካከለኛውም 66 ቀን ሆኖ ተገመተ። አንድ ቀን መዘለሉም የተጀመረውን እንዳላፈረሰው ታወቀ።

ስለዚህ መምህራንንና ወላጆችን የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ሕፃኑን በበሽታ ከማስፈራራት አስቀድሞ ንጹሕና ብርቱ ለመሆን እንዲመኝ ማድረግ።

ሁለተኛ፥ ውሃና ሳሙና ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ እንዳይጠፋ መጠበቅ፤ ቧንቧ ባይኖር የጀሪካን ውሃ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ መታጠቡን ከምሳ ደወል ጋር ማያያዝ፤ መምህሩም ከልጆቹ ጋር አብሮ መታጠብ።

አራተኛ፥ አንድ ቀን የዘነጋውን ልጅ ሳይነቅፉ በማግሥቱ ማስቀጠል።

በሁለተኛው ሳምንት ፍሬ አላየንም ብለን ብንተወው እንቁላሉን ከሙቀቱ አወጣነው ማለት ነው። ቢያንስ አንድ የትምህርት መንፈቅ ሳናቋርጥ እንታገሥ።