የአሮጌ ቤንዚን መኪና ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ፤ የምርመራና የታይሚንግ ማስተካከያ ቅደም ተከተል

መግቢያ

የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ሥርጭት ቀጠሮ የማይሰጥ ሥራ ነው። ዝናቡ ከጣለ በኋላ መኪና ለአንድ ሳምንት ቢቆም ዘሩ መጋዘን ውስጥ፣ ገበሬው ማሳው ላይ እየጠበቀ ይቆያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ካርቡራተርና ኮንታክት ፖይንት ባለው አሮጌ የቤንዚን መኪና ላይ የሚደርሰውን የሚኒሞ መዛባት ምክንያት በቅደም ተከተል እንዲለዩ መርዳት ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ይህ አይመለከተውም።

ዲስትሪቢውተር ለማዞር አለመቸኮል

ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው አስቀድሞ ዲስትሪቢውተሩን ያዞራል። ይህ ልማድ ዋናውን ብልሽት ይሸፍናል። የእሳቱ ጊዜ፣ በጋራዥ አጠራር ታይሚንግ፣ በኮንታክት ፖይንቱ ክፍተት ላይ የተመሠረተ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፤ ሲሰፋ ይቀድማል። ስለዚህ ታይሚንግ ከተስተካከለ በኋላ ክፍተቱ ቢነካ የመጀመሪያው ሥራ ከንቱ ይሆናል።

ከምርመራው በፊት

መኪናው ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ ከቤት ውጭ ይቁም። ማርሹ ፎሌ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። ልቅ ልብስ ከማራገቢያውና ከቺንጋው መራቅ አለበት።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1. ያለአግባብ የሚገባ አየር። የተሰነጠቁና የላሉ የአየር ቱቦዎች ይታዩ። ሞተሩ እየሠራ በካርቡራተሩ ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት ጠብታ ውኃ ይደረግ፤ የጋለው የጭስ መውጫ ላይ ግን አይፍሰስ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው።

2. የማይሠራው ሲሊንደር። ሞተሩ ጠፍቶ የአንዱ ካንዴላ ገመድ ይነቀልና ጫፉ ከሞተሩ ብረት ጋር ይያያዝ፤ ከዚያ ሞተሩ ይነሣ። መንቀጥቀጡ ካልተባባሰ ያ ሲሊንደር አስቀድሞም አይሠራም ማለት ነው። ሁሉም በየተራ ይፈተኑ። ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል፤ ዘይት ከነካው ፒስተን ወይም ቫልቭ ተበልቷል፤ ነጥቶ ከተቃጠለ ቤንዚን አንሷል ወይም እሳቱ ቀድሟል።

3. ኮንታክት ፖይንት። የተቃጠለ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ ይለወጥ። ሞተሩ በእጅ ዞሮ ነጥቦቹ ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ክፍተቱ በቀጭን የብረት ቅጠል መለኪያ ይለካ። በብዙ መኪናዎች ከ0.35 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ ከመኪናው መጽሐፍ ይወሰዳል። የዲስትሪቢውተሩ ክዳን እንዳልተሰነጠቀ ይታይና በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።

4. ታይሚንግ። ከላይ ያሉት ከተሟሉ በኋላ ብቻ ይታያል። ለምሳሌ 2F የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ሞተር እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 7 ዲግሪ በፊት ነው። ምልክቱም በቮላኖው ላይ ያለች ትንሽ የብረት ኳስ ናት። የታይሚንግ መብራት ከሌለ ተራ አምፖል ይበቃል። አንዱ ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተሩ በሚሄደው ጫፍ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ይያያዝ። ቁልፉ ተከፍቶ 1ኛው ሲሊንደር አየር እያመቀ ሳለ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዙር። ምልክቱ ከጠቋሚው ጋር ሲገጥም አምፖሉ መብራት አለበት። ካልገጠመ ዲስትሪቢውተሩ ላልቶ ጥቂት በጥቂት ይዙር። ሥራው እንዳለቀ ቁልፉ ይዘጋ፤ አለበለዚያ ቦቢናው ይግላል።

5. ካርቡራተር። የሚኒሞው ብሎን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው።

የደጋና የቆላ ልዩነት

ታይሚንግን በጆሮ ብቻ ማስተካከል በአገራችን የተለየ አደጋ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በሳሳ አየር እሳቱ ያለልክ ቢቀድምም ሞተሩ አያንኳኳም። ያው መኪና ተጭኖ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው መተሐራ ሲወርድ ግን ዳገት ላይ ቀጭን የብረት መንኳኳት ይሰማል። ይህን ድምፅ ችላ ብሎ መንዳት ፒስተን ይበሳል። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ማላላት፣ ማርሽ መቀነስና በመጀመሪያው ማረፊያ ታይሚንጉን በምልክቱ ማስተካከል አለበት። በተቃራኒው እሳቱ ሲዘገይ ሞተሩ ይግላል፣ ይደክማል፣ ቤንዚን ይፈጃል።

ማሳሰቢያ

ካንዴላው፣ ገመዱና ኮንታክት ፖይንቱ ደህና ሆነው አንድ ሲሊንደር እንቢ ካለ ጉዳዩ የጋራዥ ነው፤ የሲሊንደሩ እመቃ መለካት አለበት። እያንዳንዱ ማኅበር በመኪናው ውስጥ ደብተር ያኑር፤ የኮንታክት ፖይንቱ ክፍተት፣ የታይሚንጉ ልክ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይመዝገብ። ይህ ምርመራ መደረግ ያለበት መኪናው በመንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ሳይሆን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው።