ማያያዣው ማንን ከማን ያያይዛል? ስለ ድረ ገጽ ስያሜዎች የቀረበ አስተያየት

አዲስ ስያሜ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የምንጠነቀቀው ለአጭርነቱና ለቃናው ነው። ስያሜው በውል ውስጥ ገብቶ ባለጉዳዮችን ሲያከራክር ምን ጠባይ እንደሚያሳይ አስቀድመን የምንመረምር ግን ጥቂቶች ነን። ይህን ያሳሰበኝ አንድ ተርጓሚ ወዳጄ ያመጣልኝ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የደንበኞችን ድረ ገጾች አዘጋጅቶ በሚያስተዳድር አንድ ድርጅትና በአንድ ነጋዴ መካከል የተደረገ ውል ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰው አንቀጽ «የሁለቱ ወገኖች ድረ ገጾች በማያያዣ ይያያዛሉ» ይላል። ነጋዴው ከዚህ የተረዳው፣ ድርጅቱም በበኩሉ የእርሱን ገጽ እንደሚጠቅስለት ነበር። የዋናው ውል ሐሳብ ግን ድርጅቱ በነጋዴው ገጾች ሁሉ ግርጌ ወደ ራሱ ገጽ የሚወስድ ማያያዣ ያኖራል ማለት ብቻ ነው። ተርጓሚው አልዋሸም፤ ጉዳት ያደረሰው ግሱ ነው።

«ያዘ» አድራጊ፣ «ተያያዘ» ተደራራጊ፣ «አያያዘ» አደራራጊ ነው። ከአደራራጊው የወጣው «ማያያዣ» እንግዲህ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው እንዲያያዙ የሚያደርግ መሣሪያ ማለት ይሆናል። ከ«አገናኘ» የወጣው «አገናኝ»ም ከዚህ አያመልጥም፤ አንዱ ሲገናኝ ሌላው አልተገናኘም ማለት በአማርኛ አይቻልምና። በድረ ገጽ ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አንዱ ገጽ ሌላውን ይጠቅሳል፤ ተጠቃሹ ስለ መጠቀሱ ጨርሶ ላያውቅ ይችላል። ነገሩ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ሆኖ ሳለ ስሙ ሁለት አቅጣጫ አለው።

የአቅጣጫው ነገር እንደ ትርፍ ጉዳይ የሚታይ አይደለም። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የጉግል አሠራር፣ አንድ ገጽ ያለውን ክብደት የሚገምተው ሌሎች ገጾች ወደ እርሱ ከሚልኩት ማያያዣ ነው። ማያያዣው እንደ ምስክር ቃል ይቆጠራል፤ የምስክሩም ቃል ምስክሩ ራሱ በተመሰከረለት መጠን ይከብዳል። (የአሠራሩን ስም «የገጽ ደረጃ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ያለው «ፔጅ» ግን ከገጽነቱ ሌላ የሰውዬው የቤተሰብ ስም ስለ ሆነ፣ «ፔጅራንክ» ብሎ መተዉ ሳይሻል አይቀርም።) ምስክር ዋጋ ካወጣ ደግሞ የሚገዛውና የሚሸጠው አይጠፋም። ጉግል በ2012 እ.ኤ.አ. «ፔንግዊን» በተባለው ማሻሻያ በሰው ሠራሽ ማያያዣ ደረጃቸውን ከፍ ያደረጉ ገጾችን ወደ ታች አውርዷል። በልዩ ልዩ ድረ ገጾች ግርጌ በብዛት የሚበተን ማያያዣም ደንቡ ከሚከለክላቸው መካከል የተዘረዘረ ነው። ስለዚህ ማን ወደ ማን እንዳያያዘ ለይቶ የማይናገር ውል፣ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነም አይናገርም።

ሕዝቡ ከእኛ ቀድሞ «ማስፈንጠሪያ» የሚል ስም አውጥቷል፤ በዜና አውታሮችም ተለምዷል። ሕያው ቃል ነው፤ አቅጣጫም አለው፤ የሚስፈነጠር ነገር ተመልሶ አይመጣምና። ነገር ግን የሚገልጸው አንባቢው ተጭኖ የሚያደርገውን ዝላይ እንጂ በሁለቱ ገጾች መካከል የቆመውን ዝምድና አይደለም። አንድም ሰው ያልተጫነው ማያያዣ በፍለጋ መሣሪያው ዘንድ ይቆጠራል፤ ማንም ያልተስፈነጠረበት ግን ምኑን ማስፈንጠሪያ ሆነ? «ጠቋሚ» የሚለውንም አስቤበት ነበር። ለትርጉሙ ከሁሉ የቀረበ እርሱ ነው፤ ሆኖም በዕድሜዬ ያሉ ሰዎች ቃሉን ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው ሌላ ነገር ስለ ሆነ ተውሁት። «ማመልከቻ»ን ጽሕፈት ቤቱ፣ «መምሪያ»ን መንግሥት ቀድመው ይዘውታል።

በእኔ አስተያየት «ማያያዣ» በአማርኛው ውክፔዲያ ካለው «መያያዣ» ጋር ዘመድ ስለ ሆነ ይቆይ፤ ነገር ግን በውልና በመመሪያ ላይ ብቻውን አይቁም። መዝገብ ቤቶቻችን «ገቢ ደብዳቤ»፣ «ወጪ ደብዳቤ» ሲሉ ኖረዋል። በዚያው ልማድ «ገቢ ማያያዣ»፣ «ወጪ ማያያዣ» ብንል ቃሉ ያጣውን አቅጣጫ ቅጽሉ ይሰጠዋል፤ የሚያስተምረውም አያስፈልገውም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው «ኖፎሎው» የሚባለው ምልክት ነው። ጉግል፣ ያሁና ኤም.ኤስ.ኤን. በ2005 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት ይህ ምልክት፣ በየአስተያየት መስጫው የሚጣለውን የማስታወቂያ ማያያዣ ዋጋ ለማሳጣት የታሰበ ነበር። በአማርኛ «አትከተል» እየተባለ ሲተረጐም አይቻለሁ። ትእዛዙ ለማን ነው? አንባቢ ለእርሱ የተነገረ ክልከላ ይመስለዋል፤ አንባቢን ግን የሚከለክለው የለም። በዚያም ላይ ጉግል በ2019 እ.ኤ.አ. ምልክቱን ከእንግዲህ እንደ ፍንጭ ብቻ እንደሚያየው ስላስታወቀ፣ ትእዛዝነቱም ቀርቷል። የምልክቱ ፍሬ ነገር «ጠቅሼዋለሁ፤ ዋስ ግን አልሆነውም» ማለት ነው። ስለዚህ «ዋስ አልባ ማያያዣ» ቢባል ሐሳቡን ይሸከማል። በዚያው ዓመት ከወጡት ምልክቶች አንዱ ለማስታወቂያ ገንዘብ የተሰጠበትን ይለያል፤ እርሱን «የተከፈለበት ማያያዣ» ማለት ይበቃል።

ስለ ቀሩት ብዙ የምለው የለኝም። አንባቢው የሚጫነውን ጽሑፍ «መልሕቅ» ማለት ከመርከብ ጋር ያጋባናል፤ «የማያያዣ ቃል» ይሻላል፤ ይህም ቃል ስለ መድረሻው ገጽ የሚናገር እንጂ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ባዶ ቃል ባይሆን ይመረጣል። «የፍለጋ ሞተር» ለጆሮዬ አይጥመኝም፤ ሆኖም ሥር ሰዷል፣ አልታገለውም። ገጽን በፍለጋ ጊዜ በቀላሉ እንዲገኝ አድርጎ ማሰናዳቱ «ለፍለጋ ማመቻቸት» ቢባል ነጋዴውም ይረዳዋል።

ወዳጄ አንቀጹን እንዲህ ብሎ አርሞታል፦ «ድርጅቱ በደንበኛው ድረ ገጽ ግርጌ፣ ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ የሚያመራ አንድ ዋስ አልባ ወጪ ማያያዣ ሊያኖር ይችላል፤ ደንበኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ ድርጅቱ ያነሣዋል። ድርጅቱ ወደ ደንበኛው ድረ ገጽ ማያያዣ የማኖር ግዴታ የለበትም።» ነጋዴው ይህን ካነበበ በኋላ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ካልተሠረዘ አልፈርምም አለ።