ጉልበት ስንት ዓመት ያበላል?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ፍኖተ ሰላም ነው። ጸሐፊው የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙንና ቀበሌውን ትተነዋል። በቡሬ ዙሪያ ገጠር በቆሎና በርበሬ ሲኮተኩት ያደገ፣ ቁመቱ ዘለግ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ልጅ ነው። በገና ጨዋታ ላይ በእሱ በኩል እሩር ይዞ የሚያልፍ እንዳልነበረ ራሱ ጽፎልኛል። (ጉራ ትሆን? ትሁን፣ ለዕድሜው ያምርበታል!)

«ከተማ ገብቼ ኳስ ስጫወት ያየኝ አሰልጣኝ እግሬን ሳይሆን ደረቴን አይቶ ‹አንተ ተከላካይ ነህ› አለኝ» ይላል። «አሁን አንድ የታችኛው ሊግ ክለብ ሊያስፈርመኝ ይፈልጋል። ከፈረምኩ ፍኖተ ሰላምን ለቅቄ ካምፕ መግባት አለብኝ። ኮሌጅ አካውንቲንግ ልጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። አባቴ በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ። የምወዳት ልጅ ‹ትምህርትህን ከተውክ እኔንም ተወኝ› ብላኛለች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በክልላችን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ትምህርታችን ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። እህቴ፣ ነገ ይዘጋ አይዘጋ ለማላውቀው ትምህርት ብዬ የዛሬ እንጀራዬን ልተው?»

ኳስ ምን አገባት የምትሉኝ አትጠፉም። ኳስ ባያገባኝ እንጀራ ያገባኛል። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው ላይ የቆምኩ ስለሆንኩ «ተማር! ተማር!» እያልኩ ከበሮ አልመታበትም።

ልጁን ያጓጓውን ነገር መረዳት አያቅትም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም ፌዴሬሽኑና ክለቦች ቁጭ ብለው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። እስቲ አስቡት፣ ጣሪያ የሚበጅለት ገንዘብ መሬት የነካ ገንዘብ አይደለም! ግን ይህ የፕሪሚየር ሊጉ ወሬ ነው። ከቡሬ ባሕር ዳር በሚኒባስ ይደረሳል፤ ከታችኛው ሊግ ፕሪሚየር ሊግ የሚያደርስ ሚኒባስ ግን የለም። ባሕር ዳር ከተማ እንኳ፣ ያን የሚያህል ከተማና ደጋፊ ይዞ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያለፈው በ2010 ዓ.ም ነው።

ደግሞ ተከላካይነት! አጥቂ አሥር ስቶ አንድ ካገባ ይጨፈርለታል። ተከላካይ አሥር አውጥቶ አንዴ ከተሸወደ ሰፈር ይሰደባል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ አገር የጨፈረው ጎሎቹን ባገቡት በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ስም ነበር። እነሱም ይገባቸዋል። ግን በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር፣ በዚያ ቀን አንዲት ጎል ገብታብን ቢሆን ኖሮ ቀርተን ነበር። ያቺ ጎል እንዳትገባ ያደረጉትን ስንቶቻችን እንጠራለን? የዋሊያዎቹ አምበል ደጉ ደበበ ተከላካይ እንደነበር የረሳ ሞልቷል።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት፣ በእጅ የሚያዝ የሞላላ ኳስ ጨዋታ አላቸው። የራስ ቁር ደፍተው እንደ ኮርማ ይጋጫሉ። ከፊት መስመር የሚሰለፈው ተከላካይ ብዙውን ጊዜ ከ120 ኪሎ በላይ ነው፤ ሥራው ፊቱ የተደረደሩትን ግዙፎች ጥሶ ኳስ የያዘውን ሰው መጣል ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር እንደሚለው በትልቁ ሊግ አንድ ተጫዋች የሚቆየው በአማካይ 3.3 ዓመት ያህል ነው። ገንዘቡ የትየለሌ፣ ዕድሜው አጭር!

ከእነዚህ መሐል አለን ፔጅ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ገባ። በ1971 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ ከእሱ በፊት ይህን ክብር ያገኘ ተከላካይ አልነበረም። ሰውዬው ግን ጭብጨባው ሳያደነቁረው እየተጫወተ ሕግ ይማር ነበር፤ በ1978 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሩጫ አዘውትሮ ክብደቱ ስለቀነሰ ክለቡ አሰናበተው። (በሩጫ የተነሳ ከሥራ መባረር! እኛ አገር ይሸለም ነበር።) ቺካጎ ቤርስ ገብቶ እስከ 1981 ተጫወተ። ከዚያ በሕግ ሙያው ሠራ፤ ከ1993 እስከ 2015 ድረስ የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር።

እርግጥ ፍኖተ ሰላም ሚኒሶታ አይደለችም። ካምፕ ገብተህ ጠዋት ማታ ልምምድ እየሠራህ አካውንቲንግ የምታነብበት ሰዓት አይተርፍህም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ ክለቡን አንድ ዓመት ጠብቀኝ በለው። ለመሀል ተከላካይ 22 ዓመት ገና ጥሬ ዕድሜ ነው፤ ዘንድሮ የፈለገህ የከርሞውን ትከሻህን አይጠላውም። እስከዚያ በከተማው ቡድን ተጫወት። አይሆንም ካሉህና ልብህ ከቆረጠ፣ ኮሌጁ የሚፈቅድ ከሆነ ዊዝድሮው ሞልተህ ውጣ እንጂ ዝም ብለህ አትጥፋ። የምትፈርመውም ለአንድ ዓመት ብቻ ይሁን።

ቡሬ ላይ አንድ ባጃጅ ሹፌር አውቃለሁ፤ አራት ዓመት በተከላካይነት ተጫውቷል። «ጉልበቴ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል» እያለ ይቀልዳል። ለመፈረም ሲሄድ ብሩን ቆጠረ እንጂ ወረቀቱን አላነበበም። ጅማቱ ሲበጠስ ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፣ ክለቡም ዓመቱ ሲያልቅ ሸኘው። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በማሸት አይቀጠልም። ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ወር ደመወዙ ይከፈላል ወይ? የሐኪም ቤቱንስ ማን ይችላል? አንተ እነዚህን በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ጽፈው ያሳዩህ፤ ከፈረምክም ኮፒውን ሳትይዝ አትውጣ።

ለልጅቷም አንድ ቃል አለኝ። ስጋትሽ ተገቢ ነው፤ «እኔንም ተወኝ» ማለትሽ ግን ሰውን በሁለት በኩል ማሰር ነው። ውሉን አብረሽው አንብቢ፤ ከሱ ይልቅ አንቺ ትጠይቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ።

አንተ ደግሞ መንገዱ ሰላም ሲሆን ቅዳሜ ገበያ ሳትጠብቅ ወደ ገጠር ብቅ በልና አባትህን አማክራቸው። በደብዳቤህ ሁሉንም ጠይቀሃል፣ በሬውን የሸጡትን ሰውዬ ግን አልጠየቅክም። ክለቡ የሚሰጥህን መልስ ጻፍልኝ።