አንብባችሁ ስትጨርሱ ዝም አትበሉ

በቴሌግራም የአንባቢያን ግሩፖች ውስጥ በብዛት የሚደጋገመው አስተያየት «በጣም ደስ የሚል መጽሐፍ ነው፣ አንብቡት» የሚለው ነው። ከልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል። ነገር ግን በዛሬ የመጽሐፍ ዋጋ ልግዛ አልግዛ እያለ ለሚያመነታ ሰው ምንም አይነግረውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው መጽሐፉ ለእሱ ይሆነው እንደሆነ ነው።

የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እንውሰድ። በ1962 ዓ.ም. የታተመ ልቦለድ ነው። አንዱ ገና ከመጀመሩ ይተወዋል፤ ሌላው ደጋግሞ ያነበዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ታሪኩ እየሮጠ አይሄድም፤ ገጸ ባሕርያቱ በያሉበት ይከራከራሉ፣ ተረትና ምሳሌው በላይ በላዩ ይደረደራል፣ የገጠሩ ሰው በአገሩ አነጋገር ያወራል። «ይከብዳል» ብቻ ካላችሁ አንባቢ ታባርራላችሁ። «ድንቅ ነው» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ልብ ሰቃይ ታሪክ ፈልጎ የገዛው ሰው ይቀየማችኋል። እንዲህ ብትሉስ? «እኔ ፈጣን ታሪክ ነው የምወደው። መጀመሪያ ላይ ታክቶኝ ነበር። ክርክሮቹን ድምፄን አውጥቼ ሳነባቸው ግን ሰዎቹ ፊቴ ቁጭ አሉ።» ምን ዓይነት አንባቢ እንደሆናችሁ፣ የቱ ጋ እንደደከማችሁ፣ የቱ ጋ እንደያዛችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገራችሁ። የሚያነበው ሰው ራሱን ከእናንተ ጋር አስተያይቶ ይወስናል። የጥሩ አስተያየት ምሥጢሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮከብ መስጠትም አለ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ጉድሪድስ የተባለው የአንባቢያን ድረ ገጽ እስከ 5 ኮከብ ያሰጣል። ይጠቅማል፤ ግን ያለ ምክንያት የተሰጠ 3 ኮከብ ከዝምታ ብዙም አይሻልም።

መጨረሻውን አደራ! የ«ኦሮማይ»ን ደራሲ የበዓሉ ግርማን መሰወር አብዛኞቻችን ሰምተናል፤ የልቦለዱን ገጸ ባሕርይ የፊያሜታን ዕጣ ግን ገና ያልደረሰበት አንባቢ ብዙ ነው። ስለ መጨረሻው ሳታወሩ ማለፍ ካልቻላችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ «ስፖይለር» የሚለውን ንኩ። ቃላቱ ይሸፈናሉ፤ የፈለገ ብቻ ነክቶ ይገልጣቸዋል።

አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ከአስተያየቱ ሥር የመጽሐፉን ፒዲኤፍ የሚለጥፉ አሉ። ደግነት ይመስላቸዋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ ገና ጥበቃ ላይ ነው። ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሶ አጭር ጥቅስ መውሰድ ግን አዋጁም ይፈቅዳል፤ ለአስተያየትም የሚበቃው ያ ነው። ሙሉ መጽሐፉን መለጠፍ በሕይወት ያለውን ደራሲ ቀጣይ ሥራውን የሚያሳትምበትን ገንዘብ ያሳጣዋል።

ስለዚህ በፋይሉ ምትክ የገዛችሁበትን ቦታ ጻፉ። የደራሲውን ሙሉ ስምና የታተመበትን ዓመት ጨምሩ፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ አንባቢ ከአዲስ አበባ በሰው ሲያስልክ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በቅርቡ ከጨረሳችሁት መጽሐፍ ጀምሩ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።