በዝገት የተሳበበው በሽታ

ምስማር የወጋውን ሰው ከበው የሚቆሙ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ምስማሩ ዝጎ እንደ ነበር ሲሆን፣ «አዲስ ነው» የሚል መልስ ካገኙ ቁስሉ በጨርቅ ታስሮ ነገሩ ያበቃል። ከዚህ እምነት ጎን ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ፣ በሕክምና ስሙ ቴታነስ፣ የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ የቆሼና የመሰል ሥፍራዎች በሽታ እንደ ሆነ፣ ጎዳናው ተጠርጎ በሚያድርበት የውጭ ከተማ ለሚደርስ ትንሽ ቁስል መጨነቅ እንደማያስፈልግ የሚነገር ወሬ አለ። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ለሥራ፣ ለትምህርትና ለዘመድ ጥየቃ ድንበር የሚሻገረው ሰው ብዙ በመሆኑም በዝምታ ሊታለፉ አይገባም።

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረው ቆሼ በዓለም የታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜ ነው። ከክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረታ ብረት እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎችን እግርና እጅ የሚወጋው ምስማር፣ ጠርሙስና የተጣለ መርፌ ግን የዚያን ያህል አልተወራለትም። በመርፌ የሚተላለፉት የጉበት ቫይረሶችና ኤች.አይ.ቪ. ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቁ ስለሆኑ እዚህ አይነሡም። ስለ ቴታነስ ግን ቆሼን አደገኛ የሚያደርገው ሰዎች ጥልቅ ውግታ ደጋግሞ የሚያገኛቸው ሥፍራ መሆኑ እንጂ የበሽታው ብቸኛ መኖሪያ መሆኑ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዝገት ብረት ከኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ግዑዝ ነገር ስለሆነ በሽታ አይወልድም። ጀርመናዊው አርተር ኒኮላየር እ.ኤ.አ. በ1884 አፈር በእንስሳት ሰውነት ውስጥ በማስገባት ብቻ ቴታነስን አስነሥቷል፤ ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ደግሞ በ1889 በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለብቻው ነጥሎ ማሳደግ የቻለው ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ ነበር። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ባክቴሪያ አየር ባለበት ማደግ ስለማይችል ስፖር በሚባል ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ በአፈር፣ በአቧራና በከብት ፋንድያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ጠባብና ጥልቅ ውግታ፣ የተጨፈለቀ ሥጋ ወይም በሌላ ባክቴሪያ ያመረቀዘ ቁስል ሲያገኝ ግን ኦክስጅን በማጣቱ ከእንቅልፉ ይነቃል። የዛገ ምስማር የተወነጀለው ብዙ ጊዜ አፈር ላይ ሲንከባለል በመክረሙና ጠልቆ በመውጋቱ ነው፤ በረት ውስጥ የወደቀ አዲስ ምስማርም ሆነ በአውሮፓ መናፈሻ የበቀለ የጽጌረዳ እሾህ የዛገውን ያህል ሊጎዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ሱናሚ በመታት የኢንዶኔዥያዋ አቼ 106 ሰዎች በቴታነስ ታመው 20ዎቹ መሞታቸው የተመዘገበው በፍርስራሽና በጭቃ ከቆሰሉ በኋላ ነው።

ባክቴሪያው ራሱ ከቁስሉ ርቆ አይሄድም፤ የሚሄደው የሚያመነጨው መርዝ ነው። ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ሩብ የማይሞላው መጠን ያልተከተበን አዋቂ ሰው ለመግደል ይበቃል። መርዙ ጡንቻን ወደሚያዝዘው ነርቭ ጫፍ ገብቶ፣ ነርቩ ራሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ኋላ በሚያጓጉዝበት መሥመር ተሳፍሮ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወጣል። በዚያም ወደ ጎረቤት ነርቮች ይሻገራል፤ የሚሻገርባቸው ነርቮች ሥራ ግን ጡንቻን ማዘዝ ሳይሆን ትእዛዙን ማለዘብ ነው፤ ለመኪና ፍሬን እንደ ሆነው ሁሉ ለጡንቻም እነርሱ ናቸው። እነዚህ ነርቮች ግላይሲንና ጋባ የተባሉ አብራጅ ኬሚካሎችን ለመልቀቅ ሲናፕቶብሬቪን የተባለ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ መርዙ ይህንኑ ፕሮቲን እንደሚቆርጥ በጣሊያን የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነ ጃምፒየትሮ ስኪያቮና ቼዛሬ ሞንቴኩኮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳየ። አብራጁ ሲጠፋ ጡንቻው በትንሽ ድምፅና በትንሽ ንክኪ ይኮማተራል፣ ሳይላላም ይቆያል። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚቆለፈው መንጋጋ የሆነበት ምክንያትም ወደዚያ የሚሄዱት ነርቮች አጫጭር ስለሆኑ መርዙ ጉዞውን ፈጥኖ ስለሚጨርስ ነው። ከውግታ እስከ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ «አንድ ቀን ካለፈ መርፌው አይጠቅምም» ብሎ ከሕክምና መቅረት ሌላ ስሕተት ነው። መርዙ በጣም ጥቂት በመሆኑ አካል መከላከያ ሊማርበት አይችልም፣ ስለዚህ ታሞ የዳነ ሰውም መከተብ አለበት።

ነርቭ ውስጥ የገባን መርዝ የትኛውም መድኃኒት መልሶ አያወጣውም፤ የመከላከያው ጊዜም ከዚያ በፊት ነው። እዚህ ላይ «የቴታነስ መርፌ» የሚለው የጋራ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በቆሰለ ሰው ላይ በየጤና ተቋሙ የሚወጋው ቲኤቲ ከፈረስ ደም የተዘጋጀ ፀረ መርዝ ሲሆን፣ ገና ነርቭ ያልደረሰውን መርዝ ያመክናል እንጂ ጥበቃው ከጥቂት ሳምንት አይዘልም፤ ክትባቱ ግን አካል የራሱን መከላከያ እንዲያመርት የሚያስተምር፣ ለዓመታት የሚቆይ ነው። «ባለፈው ዓመት ተወግቼአለሁ» የሚል ሰው የተወጋው የትኛውን እንደ ሆነ ካላወቀ፣ ምንም እንዳልወሰደ መቆጠር አለበት። ስለ ማጠናከሪያው ጊዜ የሕክምና ባለሙያዎች አንድ ድምፅ እንዳልሆኑም መካድ አይቻልም፦ ብዙ አገሮች በየ10 ዓመቱ ያዝዛሉ፣ ለቆሸሸ ቁስል ወደ 5 ዓመት የሚያወርዱትም አሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከሕፃንነት ጀምሮ 6 ጊዜ፣ በጉርምስና ወይም በአዋቂነት ለጀመረ ደግሞ 5 ጊዜ መከተብ ለረጅም ዘመን እንደሚበቃ ይናገራል። ክርክሩ የሚነሣው ግን መሠረታዊውን ክትባት በጨረሱ ሰዎች ላይ ነው፤ ጭራሽ ያልተከተበ ሰው መከተብ እንዳለበት የሚጠራጠር የለም።

ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ቴታነስ ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲረጋገጥ በሽታው ከአገር እንደ ጠፋ ያሰቡ ብዙዎች ናቸው፤ መስፈርቱ ግን በየወረዳው በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት የታመሙት ከ1 በታች መሆን ነው፣ ስፖሩም አፈሩ ውስጥ እንዳለ አለ። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሴቶች በመውለጃ ዕድሜያቸው ተጨማሪ ክትባት ሲሰጣቸው ወንዶች ከሕፃንነት ወዲያ ለረጅም ዘመን ተዘንግተዋል። ወደ ዐረብ አገር ለግንባታ ሥራ የሚሄደው ወጣት ምስማር ቢረግጥ ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ቡና ወይም ቅቤ ሳይደፍንበት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን የምስማሩን መልክ ሳይሆን የክትባቱን ታሪክ ነው። ለቢጫ ወባ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ሌሎች ክትባቶችም የሚመዘገቡበት ገጽ ስላለው ታሪኩን ይዞ ሊጓዝ ይችላል። ያልተከተበ መንገደኛ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ከ4 ሳምንት በኋላ ቢጨምር ከመነሣቱ በፊት ጥበቃ ያገኛል፣ ሦስተኛውንም ከ6 ወር በኋላ በደረሰበት አገር መውሰድ ይችላል።