ጥላሁን፣ ሙላቱ ወይስ ያሬድ? የክርያት ሞሼ ክርክርና እውነታው

በእስራኤሏ ረሆቦት ከተማ፣ ቤተ እስራኤል በሚኖሩበት በክርያት ሞሼ ሰፈር፣ ሦስት ትውልድ አንድ ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠና ቡናው ሁለተኛ ከደረሰ፣ «ከሙዚቀኞች ሁሉ ታላቁ ማን ነው?» የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ከጎንደርና ከትግራይ የመጡት አባቶች ጥላሁን ገሠሠን ይጠራሉ። በካሴት ዘመን ጎረምሳ የነበሩት በአስቴር አወቀና በኤፍሬም ታምሩ ይማማላሉ። እዚሁ ረሆቦት የተወለዱት ደግሞ ቴዲ አፍሮን ከአሜሪካ ራፐሮች ጋር ያሰልፉታል። ኢንተርኔት ላይ ብዙ የሚያነበው አንድ ልጅ በመካከል «ሙላቱ!» ይላል፤ አያቱም «እሱ ደግሞ ምን ዘፈነ?» ብለው ይጠይቃሉ።

የአያትየው ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ትልቅ ነው። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው መወደድ፣ መታወቅና ተጽዕኖ ማሳደር እንደ አንድ ነገር ስለሚቆጠሩ ነው። አንድ ሰው በሚሊዮኖች ተወዶ ከእሱ በኋላ የመጣውን አጨዋወት ምንም ላይቀይር ይችላል። ሌላው ስሙን ማንም ሳያውቀው የአንድን አገር ጆሮ ቀይሮ ያልፋል። እዚህ ጋር የምመዝነው ሁለተኛውን ነው፤ ከሰውየው በኋላ የመጡት በእሱ ምክንያት ምን ለወጡ? (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ የፈጠረው ሙላቱ አስታጥቄ ነው።

የኢትዮ ጃዝ አባት ቢባል ማንም አይከራከርም። በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ በዌልስና በለንደን ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ ገብቶ፣ በ1966 ኒውዮርክ ላይ ሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ሲመለስ የጠበቀችው ባንድ የሞላባት ከተማ ናት። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ነበሩ፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። እነዚህን ማን አሠለጠናቸው ቢባል መልሱ ወደ ኢየሩሳሌም ይወስደናል፤ ከክርያት ሞሼ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመኖቹ ገዳም ከአርመን ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ወደዷቸውና አርባውን ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ እስከ ሞተበት እስከ 1977 ድረስ በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ሲያሠለጥን፣ የአገሩን ቅኝት ለብዙ መሣሪያ ሲያቀናብር ኖረ። እኛ «የድሮ ዘፈን» ስንል በጆሯችን የሚመጣው የሳክስፎንና የትራምፔት ጓዝ፣ ከዘፋኙ ኋላ ተሰልፎ የሚመልሰው ያ ድምፅ፣ ብዙው ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነው። አንድም ዘፈን አልዘፈኑም። በእኔ ሚዛን ግን በሳሎኑ ክርክር ስማቸው ከተጠራው ከአብዛኞቹ ይበልጣሉ።

ታዲያ ሙላቱ እንዴት ሁሉን ጠቅልሎ ወሰደ? በ1997 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የቆዩ የኢትዮጵያ ሸክላዎችን በሲዲ ማሳተም ጀመረ፤ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ሆነ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ሙዚቃውን ተጠቀመበት። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ ከእሱ ሥራ ቆርጠው የራሳቸውን ዘፈን ሠሩ። በውጭው ዓለም ላይ ካየን ከኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ሁሉ የሙላቱን ያህል ተጽዕኖ ያሳደረ አይገኝም። አገር ቤት ግን አድማጩ ድምፃዊ ይፈልግ ነበር። አያትየው «ምን ዘፈነ?» ሲሉ የዘመናቸውን አድማጭ ወክለው ነው የጠየቁት።

ተረት፦ ጥላሁን ያን ሁሉ ዘፈን ራሱ ደርሶ ራሱ ዘፈነው።

ጥላሁን ድምፃዊ ነበር፤ በዘመኑ ሥርዓትም ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው የየራሳቸው ሰው ነበሩ። ከጀርባው እንደ ሳህለ ደጋጎ ያሉ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ነበሩ። ይህ ክብሩን አይቀንስም። በኦሮምኛም በአማርኛም የዘፈነ፣ ወሊሶ ያደገ፣ ከ1960ው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የክብር ዘበኛ ባልደረባ በመሆኑ የታሰረ ሰው ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 2009፣ በትንሣኤ ዕለት፣ ሲሞት አገር በብሔራዊ ክብር ቀበረችው። ተጽዕኖው ያለው በድምፁ ላይ ነው፤ ቃል የሚረግጥበትን፣ ከፍ ብሎ የሚቆይበትን፣ መጨረሻ ላይ የሚያንቀጠቅጠውን ያልሞከረ የኢትዮጵያ ወንድ ድምፃዊ ማግኘት ይከብዳል። የሠርግ ዘፋኞቻችንም ከዚህ አላመለጡም፤ አንዳንዶቹ ባይሞክሩት ይሻል ነበር።

ከመድረክ ጀርባ ያሉትን ካነሣን አይቀር አምኃ እሸቴን መዝለል አይቻልም። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም መብት ከ1948 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ፣ ገና ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ሳለ፣ በ1969 ይህን ጥሶ አምኃ ሬኮርድስን አቋቋመ፤ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ፣ ማኅሙድ አሕመድንም፣ ሙላቱንም። መሣሪያ አልነካም። እሱ ግን ደፍሮ ባያሳትም ኖሮ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው አብዛኛው በየክለቡ ተሰምቶ በዚያው ሌሊት ይጠፋ ነበር። በ2021 ሞተ፤ ዓለማየሁም በዚያው ዓመት።

ተረት፦ ጌታቸው መኩሪያ የአሜሪካኖቹን ፍሪ ጃዝ ኮርጆ ነው።

ይህን የሚሉት ፈረንጆች ናቸው፤ ከእነሱ ተውሰው የሚደግሙትም የእኛው ልጆች። የጌታቸውን ሳክስፎን ሲሰሙ ኦርኔት ኮልማን ትዝ ይላቸዋል። የኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1958 ነው፤ ጌታቸው ግን ሽለላን ከተዋጊዎች ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ማዛወር የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ ነው። ጎንደር ያደጉ አባቶች ሲሰሙት ፍሪ ጃዝ አይሉትም፤ ፉከራ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። በስተርጅናው ዘ ኤክስ ከተባሉ የኔዘርላንድ ፓንኮች ጋር ዓለምን ዞረ፤ በ2016 እስኪሞትም ድረስ አጨዋወቱን ለማንም ብሎ አላለዘበም።

ከውጭ የመጣ ተጽዕኖ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዓለማየሁ እሸቴ ጄምስ ብራውንንና ኤልቪስን አጥንቷል፤ አልደበቀውምም። ነገር ግን የአሜሪካን ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ ካስገቡት አንዱ አሥመራ የነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሠፈር ሬዲዮ ነው። ተጽዕኖ አሳዳሪዎችን በዝርዝር ጻፉ ብትሉኝ ይህን ሬዲዮ አስገባው ነበር። ሰው አይደለም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይከራከረኝ።

ተረት፦ ደርግ ሲመጣ ሙዚቃው ሞተ።

የ«ኢትዮፒክስ» አድማጮች የሚወዱት ታሪክ ነው፤ ንጉሡ ወረዱ፣ መብራት ጠፋ። እውነት ነው፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት አንቆታል፣ ብዙዎችም ተሰደዋል። ሆኖም የማኅሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የተቀረጸው በ1975፣ የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» በ1977 ነው። ሆቴልና ክለብ ውስጥ ሰዓት እላፊ ከመጀመሩ በፊት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም ነበርና፣ ባንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። ቀጥሎ ካሴት መጣ። ሸክላ የከተማ ሰው ዕቃ ነበር፤ ባትሪ ጎርሶ የሚያጫውተው ቴፕ ግን ገጠር ገባ። የሮሃ ባንድ ድምፅ፣ ኤፍሬም፣ ንዋይ ደበበ፣ በ1981 አሜሪካ ተሻግራ ከዚያ ሆና አገር ቤት ያለውን ያስለቀሰችው አስቴር፣ ሁሉም በካሴት ዘመን የገነኑ ናቸው። በ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ፣ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው ሻንጣ እንኳ ሳይዝ እስራኤል ሲገባ በጆሮው የያዘው ይህን ሙዚቃ ነው። ክርያት ሞሼ ውስጥ ዛሬ ሃምሳ የሞላውን ሰው ጠይቁ፤ ልጅነቱ ሸክላ ሳይሆን ካሴት ነው።

ተረት፦ ያሬድ የክርስቲያኖች ነው፤ ቤተ እስራኤልን አይመለከትም።

ይኸኛውን በጥንቃቄ እንያዘው፤ ሁለቱም ወገን የሚቆጣበት ነው። በኦርቶዶክስ ትውፊት ያሬድ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገብረ መስቀል ጊዜ የኖረ አክሱማዊ ሊቅ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም የእሱ ናቸው ይባላል። ብዙ ሰው የዜማ ምልክቶቹንም እሱ የጻፋቸው ይመስለዋል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ራሳቸው የሚነግሩት ግን ሌላ ነው፤ ምልክቶቹ የተሠሩት ከአንድ ሺህ ዓመት ያህል በኋላ፣ ከ1540 እስከ 1559 በነገሠው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። እስከዚያ ድረስ ዜማው የተላለፈው ከአፍ ወደ አፍ ነው።

የእኛ ቄሶች ደግሞ ምልክት የሚባል አልጻፉም። ጸሎታቸው በግዕዝ፣ አንዳንዱም በአገውኛ፣ እስከ ዛሬ በቃል ይተላለፋል። አጃቢው ነጋሪትና ቃጭል ነው፤ ማሲንቆና ክራር ወደ ጸሎት ቤት አይገቡም። የራሳችን ትውፊት ይህን ሥርዓት ያቆመው በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው መነኩሴ አባ ሳብራ ነው ይላል። በ1973 ኢትዮጵያ ድረስ ሄዳ ጸሎቱን የቀረጸችው አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ፣ በቤተ እስራኤል ጸሎትና በክርስቲያን ገዳማት ሥርዓት መካከል የቀረበ ዝምድና አግኝታ በ1986 መጽሐፍ አሳተመችበት። ብዙዎችን አስከፍቷል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ምን እንደሰጠ መለየት ግን ይቻላል ብዬ አላምንም። ለእኔ የሚበቃኝ ሌላው ነው፤ ቄሶቹ በሲግድ በዓል ቀን ድምፃቸውን ሲያነሡ የሚሰማው ዜማ በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ከተጠቀሰው ከየትኛውም ሸክላ ይቀድማል፤ የአብዛኛው ደራሲም ስሙ አይታወቅም።

ስለ ጸሎት ሰዎች ካወራን፣ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከ1984 ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ መጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ገዳም ነበሩ። ፒያኗቸውን የዓለም ሙዚቀኛ ፈልጎ ሲያጠና፣ እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን መኖራቸውንም አናውቅም ነበር። ተጽዕኗቸው ገና አሁን መጀመሩ ነው።

ተረት፦ የእኛን ሙዚቃ ለእስራኤል ያስተዋወቀው ኢዳን ራይኸል ነው።

የራይኸል ፕሮጀክት በ2002 ሲወጣ የአማርኛ ድምፅ በዕብራይስጥ ሬዲዮ በየሰዓቱ መሰማት ጀመረ፤ ሱዳን ስደተኛ ጣቢያ የተወለደችው ካብራ ካሳይም በዚያ በኩል ታወቀች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ከእሱ ዐሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ሽሎሞ ግሮኒክ ከሼባ መዘምራን ልጆች ጋር ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል የተጓዙበትን መንገድ መዝሙር አድርጎ ለአገር ሁሉ አሰምቶት ነበር፤ ግጥሙ የኃይም ኢዲሲስ ነው። በ1999 የመጣው ሳክስፎን ተጫዋች አባተ በሪሁንም ከፒያኒስቱ ይጽሐቅ የዲድ ጋር «ራስ ዳሸን» የተሰኘ አልበም ሠርቷል። ይህን ሥራ ከሬዲዮው ሙዚቃ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ መወደድ ግን ተጽዕኖ አይደለም ብያለሁና ለእሱም አላዳላም።

እዚህ የተወለዱት ልጆች ጋር ስንመጣ መሪዎቻቸው ራይኸልም ጥላሁንም አይደሉም፤ ቦብ ማርሊና ሂፕ ሆፕ ናቸው። አባቶች ይህን እንደ መጥፋት ያዩታል። ግን አስቴር ራዳን እንመልከት። በ1985 ክርያት አርባዕ ተወልዳ፣ በሶልና በሬጌ አድጋ፣ በ2014 አልበሟ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ነይ» ዘፈነች። ሙሉቀን ያን ጊዜ በአሜሪካ ወንጌላዊ ሆኖ፣ ዓለማዊ ዘፈን ከተወ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። በ2024 እስኪሞትም ድረስ አልተመለሰበትም። ክርያት ሞሼ ላይ ስለ ታላላቆች ሲከራከሩ ስሙን ብዙ ጊዜ አይጠሩትም፤ ልጆቻቸው ግን ዘፈኑን በአስቴር ራዳ በኩል በቃላቸው ይዘውታል።